ከርነል ምንድን ነው? መቼ ይቀየራል፣ መቼስ ባለበት ይተዋል?

ከርነል ኮምፒውተሩ ሲከፈት ሜሞሪ ላይ የሚሰፍር፣ እስኪጠፋ ድረስም ከዚያ የማይወርድ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ዋና ፕሮግራም ነው። ፕሮሰሰሩን ለየፕሮግራሙ በየተራ የሚያድለው፣ ራሙን የሚያከፋፍለው፣ ዲስክ ላይ የሚጽፈው፣ ከዋይፋይ ካርዱና ከስክሪኑ ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው። ብሮውዘርም ሆነ ዎርድ ዲስኩን በቀጥታ አይነኩም፤ ከርነሉን ይጠይቃሉ፣ እሱ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። ሞዴል 20 ሳይሞላ አንድ ወንበር እንኳ የማይወጣበትን የመሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ማሰብ ይበቃል።

መስኮቱ፣ ሜኑው፣ ፎንቱና የአማርኛ ኪቦርዱ ከርነል አይደሉም። ይህን መለየት ብዙ ከንቱ ድካም ያስቀራል። ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታየ የጎደለው ፎንት ነው። ሠላሳ ታብ ተከፍቶበት የተንቀራፈፈ ላፕቶፕ የሚፈልገው ራም ነው። ከርነል ቢቀየር ከነዚህ አንዱም አይሻሻልም። ከርነል የሚጠረጠረው ችግሩ ሃርድዌር ላይ ሲሆን ነው፦ ዋይፋይ ካርዱ ጨርሶ አይታይም፣ ድምፅ የለም፣ ላፕቶፑ ተከድኖ ሲከፈት አይነቃም፣ የስክሪኑ ብርሃን ከፍ ዝቅ አይልም።

ዊንዶውስ ላይ ምርጫ የለም

ዊንዶውስም ከርነል አለው፤ ግን ተጠቃሚው አይመርጠውም፣ ከወርሃዊው አፕዴት ጋር አብሮ ይመጣል። «ዊንቨር» ብሎ ቢፈልጉ የቢልድ ቁጥሩን ያሳያል፤ 19045 ከሆነ የመጨረሻው ዊንዶውስ 10 ነው፣ መደበኛ ድጋፉም በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ያሉትን አይቀበልም። ባሕር ዳር ላይ ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ወደ ሊኑክስ፣ ወደ ነፃው ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ የሚያይበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሱቅ ውስጥ አፕዴቱ ተዘግቶ የተጫነ ዊንዶውስ «ዳታ አይበላም» ተብሎ ይሞገሳል፤ ከርነሉ የደኅንነት ጥገና ሳያገኝ ዓመት ዓመት እንደሚሻገር ግን አይነገርም።

ከዚህ በኋላ ያለው ስለ ሊኑክስ ነው። ትእዛዞቹን እዚህ በፊደላችን ጽፈናቸዋል፤ ተርሚናል ላይ የሚገቡት በላቲን ፊደል ነው።

ቁጥሩን ማንበብ

ተርሚናል ከፍተው «ዩኔም -አር» ሲሉ ለምሳሌ 6.8.0-45-ጀነሪክ የሚል ይመጣል። 6.8 የከርነሉ ትውልድ ነው። ቀጥሎ ያለው 0 ኡቡንቱ (ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ) ላይ አይቀየርም። 45 የኡቡንቱ የራሱ ቁጥር ነው፤ ጥገና በተጨመረ ቁጥር ከፍ ይላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 ሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ የጀመረው ይህ ከርነል ዛሬ በየ9 እና 10 ሳምንቱ አዲስ ትውልድ ይወጣለታል። «የኔ 6.8 ነው፣ ዓለም ከዚያ አልፏል» ብሎ መደናገጥ አያስፈልግም። ኡቡንቱ፣ ሚንትና ዴቢያን የተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች (ዲስትሮዎች) ከአዲሱ ከርነል ጥገናውን እየቀዱ ወደ አሮጌው ይመልሱታል። ስለዚህ መታየት ያለበት ከነጥቡ በኋላ ያለው 8 ሳይሆን መጨረሻ ላይ ያለው 45 ነው፤ እሱ ለወራት ካልተንቀሳቀሰ አፕዴት እየገባ አይደለም ማለት ነው። የመጀመሪያው አኃዝ መቀየርም ታላቅ ለውጥ አያመለክትም። ከ5.19 ቀጥሎ 6.0 የመጣው ቁጥሩ ስለበዛ ብቻ ነው።

ከየትውልዱ መካከል ረጅም ጊዜ እንዲጠገኑ የሚመረጡ አሉ፦ 5.15 ከ2021፣ 6.1 ከ2022፣ 6.6 ከ2023፣ 6.12 ከ2024። ዴቢያን 12 በ6.1፣ ዴቢያን 13 በ6.12 ላይ የቆሙት ለዚህ ነው። የቤትና የቢሮ ኮምፒውተር ግን ዲስትሮው ከሚሰጠው ውጭ ከርነል ፍለጋ መሄድ የለበትም። ከምንጩ አውርዶ በእጅ መገንባት ትምህርት ነው፤ ለሥራ ኮምፒውተር ግን ትርፉ ጥቂት፣ ጣጣው ብዙ ነው።

የትኛው ላፕቶፕ የትኛውን ይፈልጋል

ገበያው ላይ የሚበዛው ከ6ኛ እስከ 8ኛ ጀነሬሽን ኢንቴል ያለው ላቲቲዩድ፣ ኤሊትቡክ ወይም ቲንክፓድ ነው። ለእንዲህ ያለው ማሽን 5.15 በቂ ነው፣ 6.8 በቂ ነው። አዲስ ከርነል ላይ ቢወጣ ባትሪው አይረዝም፣ ፍጥነቱም አይጨምር። ባለበት ትውልድ ላይ ይቆይ፤ የሚያስፈልገው መደበኛው የጥገና አፕዴት ብቻ ነው።

ነገሩ የሚገለበጠው አዲስ ላፕቶፕ ላይ ነው። ሪልቴክ 8852ቢኢ የተባለው ዋይፋይ ካርድ ብዙ ርካሽ አዳዲስ ላፕቶፖች ውስጥ አለ፤ ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) ከርነሉ ውስጥ የገባው በ6.2 ነው። ኡቡንቱ 22.04 መጀመሪያ ይዞት በወጣው 5.15 ላይ ዋይፋዩ ጭራሽ የለም። ገዢው ካርዱ ተበላሽቷል ብሎ ይመልሳል፣ ሻጩ ዊንዶውስ ጭኖ «ይኸው ይሠራል» ይላል፤ ሁለቱም አልዋሹም። በ2023 መጨረሻ የመጡት ኮር አልትራ ፕሮሰሰሮችም ግራፊክሳቸው በወጉ የሚሠራው ከ6.7 ጀምሮ ነው።

ከመገመት ይልቅ መጠየቅ ይሻላል። «ኤልኤስፒሲአይ -ኤንኤንኬ» ብለው በኔትወርክ ካርዱ ስም ሥር ያለውን ያንብቡ። «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ» የሚል መስመር ካለ ከርነሉ ካርዱን ያውቀዋል፤ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። መስመሩ ከሌለ አዲስ ከርነል መሞከር ምክንያት አለው።

ኡቡንቱ 24.04 ሁለት መንገድ አለው። አንዱ እስከ መጨረሻው 6.8 ላይ የሚቆየው ነው። ሁለተኛው ኤችደብልዩኢ የሚባለው ነው፤ ለአዲስ ሃርድዌር ተብሎ በየስድስት ወሩ ገደማ ትውልድ ይቀይራል፣ በ2025 ወደ 6.11 ከዚያም ወደ 6.14 ሄዷል። የሚጫነው «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ሊኑክስ-ጀነሪክ-ኤችደብልዩኢ-24.04» በማለት ነው። የዴስክቶፕ ኡቡንቱ ብዙውን ጊዜ ራሱ ሁለተኛውን ይከተላል። ሚንት 22 ግን 6.8 ላይ ነው የሚነሳው፤ ሌላ ካስፈለገ አፕዴት ማኔጀር ውስጥ «ቪው» ከዚያ «ሊኑክስ ከርነልስ» ሲሉ ዝርዝሩ ይመጣል።

ዋይፋይ የሌለው ማሽን በምን ያወርዳል ለሚለው፦ ስልኩን በቻርጀር ገመዱ ላፕቶፑ ላይ ሰክተው «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» ያብሩ። ይህ አሮጌ ከርነልም ላይ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ይሠራል።

መብራት፣ ዳታ፣ ሰዓት

አንድ ከርነል ከነተከታዮቹ ሲወርድ ከ150 እስከ 200 ሜጋባይት አካባቢ ነው። በስልክ ዳታ ለሚጠቀም ሰው ይህ ሳያስበው የሚሄድ ፓኬጅ ነው፤ ኡቡንቱ የደኅንነት አፕዴትን በራሱ ስለሚያወርድ። የስልኩን ሆትስፖት በኔትወርክ ማስተካከያው ውስጥ «ሜተርድ» ብሎ መመዝገብ ያስቆመዋል።

ማውረዱ ቢቋረጥ ጉዳት የለውም፤ ካቆመበት ይቀጥላል። ጉዳት ያለው መጫኑ ሲቋረጥ ነው። በተለይ «አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ፦ ጀነሬቲንግ» የሚል መስመር ሲመጣ፣ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል፣ ኤስኤስዲ ላይ ብዙ ጊዜ ከደቂቃ በታች። ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ በዚያ ሰዓት መብራት ቢጠፋበት ነው ጣጣው የሚመጣው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕም ከዴስክቶፕ አይለይም። መብራቱ ብልጭ ድርግም በሚልበት ምሽት ከርነል አይጫን።

ሰዓትን የሚያነሳ ሰው ጥቂት ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ስትሞት ቀኑ በየጊዜው ወደ ኋላ ይመለሳል። አንዳንዱም ቀኑን ሲያስተካክል ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር ያስገባል፤ ኮምፒውተሩ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። ፕሮግራም የሚያወርደውና የሚጭነው «አፕት» ያን ጊዜ ፋይሉ «ኖት ቫሊድ የት» ነው እያለ ይመልሳል፣ ብሮውዘሩም ገጾችን አደገኛ ይላል። ኢንተርኔቱ ይሰደባል፤ ጥፋቱ የሰዓቱ ነው። ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰዓቱ ከእኩለ ሌሊት የሚቆጠረው፣ የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ መሆን አለበት። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ኮምፒውተሩ ላይ 8 ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ይታይ፦ «ዲኤፍ -ኤች /ቡት»። ዲስኩ ተመስጥሮ ሲጫን ከርነሎቹ የሚቀመጡበት ቡት የራሱ ትንሽ ክፍል ይሰጠዋል፤ ሦስት አራት ከርነል ከተጠራቀመ ይሞላና «ኖ ስፔስ ሌፍት» ይላል። «ሱዶ አፕት አውቶሪሙቭ --ፐርጅ» አሮጌዎቹን ያነሳል። ፋይሎቹን በእጅ መደምሰስ አይገባም፤ አፕት አሁንም ያሉ ስለሚመስለው ቀጣዩ አፕዴት ይሰናከላል።

ጥቁሩ ስክሪን

መብራት መሐል ላይ ጠፍቶ ተመለሰ እንበል። ኮምፒውተሩ ሲከፈት ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ይደረደራል፣ መጨረሻው ላይ «ከርነል ፓኒክ» እና «አንኤብል ቱ ማውንት ሩት» የሚሉ ቃላት ይነበባሉ፣ አንዳንዴ የካፕስ ሎክ መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል። ፎቶውም ዶክመንቱም አልጠፋም። አዲሱ ከርነል ተጽፏል፤ አብሮት መጻፍ የነበረበት፣ ሲነሳ ዲስኩን እንዲያገኝ የሚረዳው ትንሽ ፋይል ግን አልተጻፈም ወይም ግማሹ ቀርቷል። ከርነሉ ነቅቷል፣ ዲስኩን አላገኘውም።

የፓወር ቁልፉን ተጭነው ያጥፉት። ሲከፍቱ፣ የአምራቹ ምልክት እንደታየ፣ «ኢስኬፕ» አንድ ጊዜ ይምቱ፤ አሮጌ ባዮስ ላይ ደግሞ «ሺፍት»ን ይዘው ይቆዩ። ደጋግሞ የመታ ሰው ግሩብ የሚባለውን የማስነሻ ማውጫ አልፎ «ግሩብ» የሚል ባዶ መስመር ላይ ይወድቃል፤ «ኖርማል» ብሎ ኢንተር መምታትና ወዲያው ኢስኬፕን አንዴ መንካት ይመልሰዋል። «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ከርነሎቹ ተዘርዝረዋል። ትናንት ይሠራ የነበረውን፣ ሁለተኛውን ቁጥር፣ ይምረጡ። «ሪከቨሪ ሞድ» የሚለውን መንካት አያስፈልግም።

ከገቡ በኋላ ሦስት ትእዛዝ በቅደም ተከተል፦ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» የተቋረጠውን ይጨርሳል፤ «ሱዶ አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ -ዩ -ኬ ኦል» የጎደለውን ፋይል ለሁሉም ከርነል እንደገና ይጽፋል፤ «ሱዶ አፕዴት-ግሩብ» ማውጫውን ያድሳል። ከዚያ ሪስታርት።

አሮጌ ከርነል አንድ ሁልጊዜ ይቆይ የሚባለውም ለዚሁ ነው። ኡቡንቱ ራሱ ያስቀምጣል፣ ፌዶራም ሦስት ይይዛል። ቦታ ለመቆጠብ ብሎ አንድ ብቻ ያስቀረ ሰው ማምለጫው ሊኑክሱ የተጫነበት ፍላሽ ነው።

ከውጭ የሚጨመሩ ድራይቨሮች

የኤንቪዲያ ግራፊክስ፣ አንዳንድ ብሮድኮም ዋይፋይና ቨርቹዋልቦክስ ድራይቨራቸው ከርነሉ ውስጥ የለም። ዲኬኤምኤስ የሚባል መሣሪያ ከርነል በተቀየረ ቁጥር እንደገና ይገነባቸዋል። ለመገንባት የዚያው ከርነል «ሄደርስ» የተባሉት ፋይሎች መጫን አለባቸው፤ ቁጥሩ በአንድ እንኳ ከተለየ አይገነባም፣ ዋይፋዩም በማግስቱ የለም። «ዲኬኤምኤስ ስታተስ» ሲሉ ከአዲሱ ቁጥር ጎን «ኢንስቶልድ» መባሉን ያረጋግጡ። ኤንቪዲያ 390 የተባለውን የአሮጌ ካርዶች ድራይቨር በ2022 መጨረሻ ትቶታል፤ እንዲህ ያለ ካርድ ያለው ሰው በ5.15 ይቆይ ወይም ኑቮ በሚባለው ነፃ ድራይቨር ይጠቀም።

ሰኪዩር ቡት (ፊርማ የሌለውን ድራይቨር የሚከለክለው ጥበቃ) የበራበት ማሽን ላይ ድራይቨሩ ሲጫን የይለፍ ቃል ይጠይቃል፣ ሪስታርት ሲደረግ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። «ኢንሮል ሞክ» መርጦ ያንኑ የይለፍ ቃል መስጠት ነው። ሳያነቡ «ኮንቲኒዩ» ካሉት ድራይቨሩ ተገንብቶም ከርነሉ አይቀበለውም።

ኢንተርኔት በሌለበት

ዘጌ ወይም ደቅ ደሴት ላይ ላለ የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ባሕር ዳር አውርዶ በፍላሽ መውሰድ ይቻላል። የሚያወርደው ማሽን ያው ዲስትሮ፣ ያው ቨርዥን ይሁን። ባዶ ፎልደር ውስጥ «አፕት ዳውንሎድ» ብለው፣ ለ6.8 ከሆነ፣ አምስት ፋይል ያውርዱ፦ ኢሜጁ፣ ሞጁልስ፣ ሞጁልስ-ኤክስትራ፣ እንዲሁም ሁለቱ ሄደርስ፣ አንዱ «ጀነሪክ» የሚል ቅጥያ ያለው ሌላው የሌለው። የአምስቱም ቁጥር አንድ መሆኑን ጀልባ ከመሳፈር በፊት ያረጋግጡ። በብዛት የሚረሳው ሞጁልስ-ኤክስትራ ነው፤ እሱ ከሌለ ኮምፒውተሩ በደንብ ይነሳል፣ ዋይፋይ ወይም ድምፅ ግን ሊጠፋ ይችላል።

እዚያ ሲደርሱ ፋይሎቹን ከፍላሹ ወደ ዲስኩ ይገልብጡ፣ ፎልደሩ ውስጥ ሆነው «ሱዶ ዲፒኬጂ -አይ» ከዚያ ኮከብ ነጥብ «ዴብ» ይበሉ። አንድ ላይ ሲጫኑ ቅደም ተከተሉን ራሱ ያስተካክላል፣ ግሩብንም ያድሳል። ሪስታርት አድርገው «ዩኔም -አር» ይበሉ፤ አዲሱ ቁጥር ከመጣ በኋላ ፕሪንተሩን፣ ድምፁንና ፕሮጀክተሩን አንድ በአንድ ይሞክሩ። አንዱ እምቢ ካለ ከግሩብ አሮጌውን መርጠው ማስነሳት ይቻላል፤ አዲሱንም እዚያው ማራገፍ።