አደስ ያልሆነው «የባሕር አደስ»

በጥቅምት ወር ከዋሽንግተን ተነስቶ ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ የነዳ ሰው ይህን ቁጥቋጦ ሳያየው አልቀረም። የረግረጉ ሣር ደርቆ ቡናማ ሲሆን፣ ዳር ዳሩ ላይ ጥጥ የተነሰነሰበት የሚመስል ነገር ነጭ ብሎ ይታያል። አበባ ይመስላል እንጂ አበባ አይደለም። የሴቴዋ ዘር ነው። እያንዳንዷ ፍሬ እንደ ብር የሚያበራ የጸጉር ጭራ አላት፤ ነፋስ ሲነሳ ይዟት ይሄዳል። ወንዱ ለብቻው ሌላ ተክል ነው፤ አበባው ወደ ቢጫ ያደላል፣ ጥጥም የለውም።

ሳይንሳዊ ስሙ ባካሪስ ሀሊሚፎሊያ ነው። ካርል ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ያወጣለት ሲሆን፣ ቅጠሉ በሜዲትራኒያን ዳርቻ የሚበቅለውን ሀሊሙስ የተባለ ጨው ወዳድ ተክል ይመስላል ለማለት ነው። ወገኑን ግን እኛም እናውቀዋለን፦ ኑግ፣ ግራዋና አደይ አበባ የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

ከማሳቹሴትስ እስከ ቴክሳስ ባለው የአሜሪካ ዳርቻ ይበቅላል። ባሕሩ በየቀኑ እየሞላ የሚደርስበትን ጭቃ ለሣሩ ትቶ፣ ከዚያ ከፍ ያለውን የረግረግ ጠርዝ ይይዛል። ጨዋማ ነፋስም ሆነ አልፎ አልፎ የሚያጥለቀልቅ የባሕር ውኃ አይበግረውም። ከሰው ቁመት በላይ፣ 3 ሜትርና ከዚያም በላይ ያድጋል። ወደ ሜክሲኮ የሚጓዙት ሞናርክ ቢራቢሮዎች በመንገዳቸው አበባው ላይ አርፈው ማር ይቀስማሉ።

እኔን የሚገርመኝ የስሙ ብዛት ነው። አንዱ «ሲ ሚርትል» ይለዋል፤ ቃል በቃል የባሕር አደስ መሆኑ ነው። ለጸጉር ቅቤ ከምንጨምረው አደስ ጋር ግን ዝምድና የለውም። ሌላው ጥጡን አይቶ «የጥጥ ፍሬ ዛፍ»፣ ሌላው ጨዉን አይቶ «ሶልት ቡሽ» ብሎታል። «የሳንባ ነቀርሳ አረም» የሚል ስምም አለው፤ በባህል መድኃኒትነት የተጠቀሙበት ሰዎች ትዝታ ነው። በሉዊዚያና ደግሞ «ማንግሊዬ» ይሉታል። የክሪዮልና የሁማ ሰዎች ቅጠሉን አፍልተው ለትኩሳትና ለጉንፋን ይጠጡታል፤ ሻዩ መራራ ነው። አይታችሁ ግን ለመቅመስ አትሞክሩ፤ ቅጠሉ ከብት ይመርዛል።

«ማርሽ ኤልደር» የሚለው ስም ብዙ ሰው ያሳስታል። በዚህ ስም የሚጠራ ሌላ ቁጥቋጦ እዚያው ጎኑ ይበቅላል። መለያው ቀላል ነው፤ አንድ ቅርንጫፍ ያዙና ቅጠሎቹን እዩ። ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ከበቀሉ ማርሽ ኤልደር ነው። አንዱ በዚህ፣ ቀጣዩ በዚያ በኩል ተራ በተራ ከወጡ ግን የኛው ባካሪስ ነው።

ከአገሩ ሲወጣ ጸባዩ ይለወጣል። ለጌጥ ብለው ወደ ፈረንሳይና ስፔን የወሰዱት ሰዎች ዘሩን ነፋስ እንደሚበትነው አላሰቡም። የባስክ አገሩን የኡርዳይባይ ረግረግ ወርሮ ብዙ የነቀላ ሥራ ጠይቋል። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድም ግጦሹን ስለወረረ ነፍሳትና የዋግ ፈንገስ ለቀውበታል። የአውሮፓ ኅብረት በ2016 እ.ኤ.አ. ከወራሪ ዝርያዎች መዝገብ አስገብቶታል፤ ከዚያ ወዲህ በኅብረቱ አገሮች መሸጥም ሆነ መትከል ክልክል ነው።