የሰፈር ንቅናቄ ቡድን፦ በር ከማንኳኳት እስከ ድርድር

የሰፈር ንቅናቄ ቡድን አንድ አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች የጋራ ችግራቸውን ለመፍታት፣ ወይም መፍታት የሚችለውን አካል ለመግፋት፣ በፈቃዳቸው የሚያቋቁሙት ስብስብ ነው። ከእርዳታ ድርጅት ይለያል፤ አጀንዳውን የሚያወጡት ችግሩ የደረሰባቸው ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ከፖለቲካ ፓርቲም ይለያል፤ ሥልጣን አይፈልግም፣ ውሳኔ ነው የሚፈልገው። የውሃ መስመር እንዲጠገን፣ ፋብሪካ ቆሻሻውን ወንዝ ውስጥ መልቀቁን እንዲያቆም፣ ተከራይ በድንገት ከቤቱ እንዳይወጣ። ጥያቄዎቹ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ቅርብ ናቸው።

ከሩቅ ለሚያይ ሰው ንቅናቄ ማለት ሰልፍና መፈክር ነው። ሰልፉ የሚመጣው ግን ዘግይቶ ነው። ከዚያ በፊት ማንም ፎቶ የማያነሳው ሥራ አለ፦ ሰው ቤት መሄድ፣ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ፣ የተባለውን መጻፍ፣ ቆይቶ መደወል። ይህ ሥራ ያልተሠራለት ሰልፍ በማግስቱ ይበተናል።

መጀመሪያ ጨዋታው

ጥሩ አደራጅ ስብሰባ ከመጥራቱ በፊት ሰዎችን አንድ በአንድ ያነጋግራል። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። በዚያ ግማሽ ሰዓት ብዙ ማውራት ያለበት ጎረቤቱ ነው። ችግሩ እናንተን እንዴት ነካችሁ? ከዚህ በፊት ምን ተሞከረ? ለምን ሳይሳካ ቀረ? እዚህ ሰፈር ሰው የሚሰማው ማንን ነው? የመጨረሻዋ ጥያቄ ትልቅ ናት። በየአካባቢው ማዕረግ የሌለው፣ ግን ቃሉ የሚከበር ሰው አለ። ያንን ሰው ያላገኘ ቡድን ቢጠራም የሚመጣለት የለም።

ጨዋታው ሲያልቅ አንድ ትንሽ ነገር መጠየቅ ያስፈልጋል። ሐሙስ ማታ ይመጣሉ? ሁለት ጎረቤት ይዘው ይመጣሉ? በደፈናው «ከጎናችን ሁኑ» የተባለ ሰው እሺ ብሎ ይረሳዋል። ቀንና ሰዓት ተነግሮት ቃል የገባ ሰው ግን ቢያንስ ይጨነቅበታል።

ይህን አሠራር ፈር ካስያዙት አንዱ አሜሪካዊው ፍሬድ ሮስ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሎስ አንጀለስ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸውን ነዋሪዎች ሲያደራጅ ትልቅ አዳራሽ አልፈለገም። አንድ ቤተሰብ ጥቂት ወዳጆቹን ቤቱ ይጠራል፤ ሮስ ይመጣል፤ ይወያያሉ። ከዚያ ከእንግዶቹ አንዱ ቀጣዩን ስብሰባ በራሱ ቤት እንዲያዘጋጅ ይጠየቃል። በ1952 ሳን ሆዜ ውስጥ ሴሳር ቻቬዝን ያገኘው እንዲህ ቤት ለቤት ሲዞር ነው። ቻቬዝም በ1962 የእርሻ ሠራተኞችን ማኅበር ሲመሠርት ይህንኑ ዘዴ ተጠቅሟል።

በር ማንኳኳት ያስፈራል፤ ይህ የማንም ድክመት አይደለም። በ1978 በኒው ዮርክ ግዛት ናያጋራ ፎልስ ከተማ የምትኖረው ሎይስ ጊብስ የልጇ ትምህርት ቤት የኬሚካል ቆሻሻ በተቀበረበት ቦታ ላይ መሠራቱን ከጋዜጣ አነበበች። ልጇ በየጊዜው ይታመም ነበር። እሷ ልጆቿን የምታሳድግ የቤት እመቤት ነበረች፤ ሰው አደራጅታ አታውቅም። ፊርማ ልታሰባስብ ወጥታ የመጀመሪያውን በር አንኳኳች፤ የሚከፍት ስታጣ ወደ ቤቷ ተመለሰች። በኋላ ግን እንደገና ወጣች። በየቤቱ የሰማችው የሕመም ታሪክ ተመሳሳይ ነበር። የት ቤት ማን እንደታመመ በካርታ ላይ ምልክት ተደረገ፤ በየቤቱ ለብቻ የተያዘው ጭንቀት ማስረጃ ሆነ። ከሁለት ዓመት ትግል በኋላ ከ800 በላይ ቤተሰቦች ቦታውን ለቀው ሌላ ቦታ እንዲሰፍሩ መንግሥት ተስማማ። በ1980 መጨረሻም መርዛማ ቦታዎች የሚጸዱበት «ሱፐርፈንድ» የተባለው ሕግ ወጣ።

ምን ይጠየቅ? ማን ይጠየቅ?

ብዙ ቡድን የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። «ሰፈራችን ይሻሻል» የሚለው ምኞት ነው። እሺ ወይም እምቢ የሚባልበት አይደለም። «ትምህርት ቤቱ በር ላይ የፍጥነት መቀነሻ ይሠራ» ሲባል ግን መልስ ይኖረዋል። ቀጥሎ መልሱን መስጠት የሚችለው ሰው ማን እንደሆነ በስም መታወቅ አለበት። ውሳኔው በእጁ ላልሆነ ኃላፊ የተጻፈ አቤቱታ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ይከርማል።

በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ሞንትጎመሪ ከተማ፣ ጥቁሮች በከተማ አውቶቡስ አንሳፈርም ብለው ያደረጉት አድማ ብዙ ጊዜ እንደ ድንገተኛ ፍንዳታ ይነገራል። አልነበረም። የሴቶች የፖለቲካ ምክር ቤት የተባለው የከተማዋ ቡድን የተቋቋመው በ1946 ነው። በ1954 የቡድኑ መሪ ጆ አን ሮቢንሰን አድማ ሊመጣ እንደሚችል ለከንቲባው በደብዳቤ አስታውቃለች። ሮዛ ፓርክስ የተባለች ጥቁር ሴት አውቶቡስ ላይ መቀመጫዋን ለነጭ አልለቅም ብላ በታኅሣሥ 1955 መግቢያ ላይ ስትታሰር፣ ሮቢንሰን ከአንድ ባልደረባዋና ከሁለት ተማሪዎቿ ጋር ሌሊቱን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር በራሪ ወረቀት አባዛች። ማከፋፈያው መንገድ አስቀድሞ ታስቦበት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች ደግሞ በጣም ልከኛ ነበሩ፦ በአክብሮት መስተናገድ፣ ቀድሞ የገባ ቀድሞ እንዲቀመጥ፣ በጥቁሮች ሰፈር መስመሮች ጥቁር ሾፌሮች እንዲቀጠሩ። ከተማዋ ይህንንም እምቢ ስትል ጉዳዩ ጥቁሮችና ነጮች በአውቶቡስ ተለያይተው እንዲቀመጡ መደረጉን ራሱን ወደማስቀረት አደገ። ሰው 381 ቀን በእግሩ፣ እርስ በርስ በተቀናጁ መኪኖችም ሥራው ደረሰ። መኪኖቹ ቋሚ የመጫኛ ቦታ ነበራቸው፤ የነዳጁ ወጪ ከመዋጮ ይሸፈን ነበር። እኔን ከንግግሮቹ ሁሉ በላይ የሚገርመኝ ይህ የትራንስፖርት ሥራ ነው።

ስብሰባው

ስብሰባ በሰዓቱ ተጀምሮ በሰዓቱ ማለቅ አለበት። ሥራ ውሎ፣ ልጅ ለሰው ትቶ የመጣ ሰው አንድ ሰዓት ከተጎለተ ሁለተኛ አይመጣም። ከሁሉም የሚበልጠው ቃለ ጉባኤው ላይ የሚጻፈው ነገር ነው። «በራሪ ወረቀት ይታተማል» ከተባለ ማንም አያሳትመውም። ማን እንደሚያሳትም፣ እስከ መቼ፣ ወጪው ከየት እንደሚመጣ ሲጻፍ ሥራው ባለቤት ያገኛል። ሁልጊዜ የሚናገሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ከሆኑ ሰብሳቢው ዝም ያሉትን በየተራ መጠየቅ አለበት። ብዙ ጊዜ ቁም ነገሩ ያለው እነሱ ጋ ነው።

ገንዘብ ትንሽም ቢሆን በደረሰኝ ይሁን፤ ሂሳቡም በየስብሰባው ይነበብ። በገንዘብ መጠራጠር የገባበት ቡድን አይድንም። የቴሌግራም ግሩፕ ቀጠሮ ለማስታወስ ይጠቅማል፤ ጠብ ለማብረድ ግን አይሆንም። ያኔ በአካል መገናኘት ይሻላል።

አደጋው

የዓለም አቀፉ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 20 በሰላም የመሰብሰብና የመደራጀት መብትን ያረጋግጣል። ወረቀት ላይ ያለው መብት ግን ሁሉም ቦታ አይከበርም። ስለዚህ ቡድኑ የሚኖርበትን አገር ሕግ ማወቅ፣ የአባላቱን ስም ዝርዝር በጥንቃቄ መያዝና አባላት ምን ሊገጥማቸው እንደሚችል ሳይደብቅ መንገር አለበት። አርጀንቲና በወታደራዊ አገዛዝ ሥር በነበረችበት በ1977 ልጆቻቸው የታፈኑባቸው 14 እናቶች ቦነስ አይረስ ውስጥ ፕላሳ ዴ ማዮ አደባባይ ወጡ። ፖሊስ ሰብሰብ ብላችሁ አትቁሙ ሲላቸው መዞር ጀመሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከመሥራቾቹ አንዷ አሱሴና ቪሻፍሎር ራሷ ታፍና ተገደለች። ሌሎቹ ግን መውጣታቸውን አልተዉም።

አደጋው ከውጭ ብቻ አይመጣም። አንድ ጎበዝ ሰው ሁሉንም ተሸክሞ ሲደክመው ቡድኑ አብሮት ይወድቃል። የአሜሪካ ጥቁሮች መብት ታጋይዋ ኤላ ቤከር ይህን በደንብ ታውቅ ነበር። በ1960 የአሜሪካ ጥቁር ተማሪዎችን ሰብስባ ስታወያይ የነባር ድርጅት የወጣት ክንፍ ከመሆን ይልቅ የራሳቸውን እንዲያቋቁሙ አበረታታቻቸው። ሰብሳቢነት በየተወሰነ ጊዜ ይቀያየር፤ አዲስ ሰው ከነባሩ ጋር አብሮ ይሥራ፤ ወደ ባለሥልጣን ቢሮም ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ አይሂድ።

እሺ ከተባለም በኋላ ሥራ አለ። የተገባው ቃል በጽሑፍ ይሁን፤ ቀንም ይቆረጥለት። ዋንጋሪ ማታይ በ1977 ኬንያ ውስጥ የጀመረችው የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ ለሴቶቹ አነስተኛ ክፍያ የሚሰጠው ለጸደቀ ችግኝ ነበር፤ መትከል ብቻውን አይበቃም። የሰፈር ቡድንም የቧንቧ ጥገና ተፈቀደ ሲባል በዚያው መበተን የለበትም። ቆፋሪዎቹ መምጣታቸውን፣ መስመሩ መዘርጋቱን፣ ውሃው እስከ መጨረሻው ቤት መድረሱን የሚያይ ሰው ይመደብ። ውሃው ካልደረሰም ያው ደብዳቤ፣ ለዚያው ኃላፊ፣ ከዚያው ቃል ጋር ተያይዞ እንደገና ይገባል።