ከስድስት ሲሊንደር ወደ ባለ ቱርቦ አራት ሲሊንደር

የሞተር መጠን ቅነሳ የሚባለው፣ የመኪና አምራቾች በአንድ ሞዴል ላይ ይገጥሙት የነበረውን ትልቅ ሞተር አንሥተው በቱርቦ እየታገዘ ተቀራራቢ ጉልበት በሚሰጥ አነስተኛ ሞተር የሚተኩበት አሠራር ነው። በጣም የተለመደው መልኩ ከ3.0 እስከ 3.7 ሊትር የሚይዝ፣ ቱርቦ የሌለው ባለ ስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ከ2.0 እስከ 2.5 ሊትር በሚይዝ ባለ ቱርቦ አራት ሲሊንደር መተካት ነው። ከ2009 ወዲህ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሠራሩ በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በእስያ አምራቾች ዘንድ ተስፋፍቶ፣ ስድስት ሲሊንደርን በመካከለኛ መኪኖች ላይ ብርቅ አድርጎታል።

አሠራሩ

ሞተር የሚያቃጥለው ነዳጅ በሚስበው አየር ልክ ነው። ቱርቦ ደግሞ በማርሚታ በኩል በከንቱ ይወጣ የነበረውን ትኩስ ጭስ ተጠቅሞ ተርባይን ያሽከረክራል። በዚያው ዘንግ ሌላኛ ጫፍ ላይ ያለው መጭመቂያ አየሩን አምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ ይገፋል። በአነስተኛ መኪኖች ላይ ይህ ዘንግ በደቂቃ ከ200,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል። የታመቀ አየር ስለሚሞቅ፣ ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት በማቀዝቀዣ ውስጥ ያልፋል።

የነዳጅ ቁጠባው የሚመጣው ግን ከቱርቦው ሳይሆን ከሞተሩ ማነስ ነው። መኪና አብዛኛውን ጊዜ የሚጓዘው ካለው ጉልበት ጥቂቱን ብቻ እየተጠቀመ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ የትልቅ የቤንዚን ሞተር የአየር በር ሊዘጋ ምንም አይቀረውም፤ ፒስተኖቹም አየር ለመሳብ በከንቱ ይታገላሉ። አነስተኛ ሞተር ለተመሳሳይ ሥራ በሩን ሰፋ አድርጎ ይከፍታል፤ የሚፋተጉት ክፍሎቹም ያነሱ ናቸው። ሲሊንደሮቹ በሁለት ረድፍ ከተደረደሩበት የቪ ቅርጽ ስድስት ሲሊንደር ጋር ሲነጻጸር ሁለት የነበረው ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ መክደኛ) አንድ ይሆናል። የጭስ ማጣሪያውም እንዲሁ አንድ ብቻ ስለሚበቃ የፋብሪካው ወጪ ይቀንሳል፤ ይህን ምክንያት ግን የማስታወቂያ ጽሑፎች እምብዛም አያነሡትም።

ከባሕር ወለል ከፍ ባሉ አገሮች ሌላ ጥቅም አለ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህሉን ያጣል፤ ባለ ቱርቦው ግን መጭመቂያው አቅም እስካለው ድረስ የአየሩን መሳሳት ያካክሳል።

ቀደምት ሙከራዎች

የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ ለቱርቦ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1905 ሲሆን፣ ለገበያ የቀረቡት የመጀመሪያዎቹ ባለ ቱርቦ የቤት መኪኖች በ1962 በአሜሪካ የወጡት ኦልድስሞቢል ጄትፋየርና ሸቭሮሌ ኮርቬር ናቸው። ባለ ሁለት ሊትሩ አራት ሲሊንደር በቱርቦ ታግዞ የስድስት ሲሊንደር ቦታ መያዝ እንደሚችል በዕለት ተዕለት መኪና ያሳየው የስዊድኑ ሳዓብ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ያወጣው 99 ቱርቦ ለዚህ ምስክር ነው።

ሐሳቡ ከዚያ በኋላ ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ዳር ላይ የቆየበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ነጂው ነዳጅ ረግጦ ጉልበቱ እስኪመጣ ያለው መዘግየት ነው። ሁለተኛው፣ በታመቀው አየር ሙቀት የተነሣ ቤንዚኑ ካለጊዜው መፈንዳቱ ነው። ለኋለኛው መድኃኒት የሆነው ቤንዚንን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የመርጨት ዘዴ ነው፤ ቤንዚኑ ሲተን ሙቀቱን ስለሚቀንስ፣ ባለ ቱርቦ ሞተር አሥር ለአንድ ገደማ በሆነ የመጭመቅ ምጥጥን (በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየር ከመታመቁ በፊትና በኋላ ያለው መጠን ንጽጽር) እንዲሠራ አስችሏል። ለመዘግየቱ ደግሞ የአንደኛውና የአራተኛው ሲሊንደር ጭስ በአንድ መስመር፣ የሁለተኛውና የሦስተኛው በሌላ መስመር ተለይቶ ወደ ተርባይኑ እንዲደርስ ተደረገ። የሲሊንደሮቹ የማቃጠል ተራ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ስለሆነ፣ በዚህ አከፋፈል የአንዱ ጭስ የሌላውን አይገፋም።

ሕጉ

ቴክኒኩ መንገዱን ጠረገ፤ አምራቾቹን የገፋቸው ግን ሕግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2009 ባወጣው ደንብ የአዳዲስ መኪኖች አማካይ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት በ2015 ከ130 ግራም በኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ቀጣዩ ግብ 95 ግራም ነበር። ከ2019 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ትርፍ ግራም በተሸጠው መኪና ልክ 95 ዩሮ መቀጮ ይከፈላል። አንድ ሚሊዮን መኪና የሚሸጥ ፋብሪካ በአንድ ግራም ብቻ ቢያልፍ 95 ሚሊዮን ዩሮ ይከፍላል ማለት ነው። ቻይና በበኩሏ የምትቀርጠው በሞተር መጠን ነው፤ በ2008 ባሻሻለችው የፍጆታ ታክስ ከ1.5 እስከ 2.0 ሊትር ያለው ሞተር 5 በመቶ፣ ከ2.5 እስከ 3.0 ሊትር ያለው 12 በመቶ፣ ከ4.0 ሊትር በላይ ያለው 40 በመቶ ይከፍላል። በዚህ ዘመን የወጡት ሞተሮች ብዙዎቹ ከ2.0 ሊትር ዝቅ ብለው መቆማቸው አያስገርምም።

ቢኤምደብልዩ

የሙኒኩ ፋብሪካ ታሪክ ሰፋ ተደርጎ የሚነገርበት ምክንያት አለ። ቢኤምደብልዩ በ1933 ካወጣው 303 ሞዴል ጀምሮ ስሙ ከቀጥታ ስድስት ሲሊንደር (ሲሊንደሮቹ በአንድ ረድፍ ከተደረደሩበት ሞተር) ጋር የተቆራኘ ነው። ይህ አደራደር በምሕንድስና ዓይን ሲታይ የተለየ ጸጋ አለው፤ ስድስቱ ፒስተኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲወጡና ሲወርዱ የአንዱ ግፊት የሌላውን ያጠፋዋል፤ የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ ወደ ሽክርክሪት የሚለውጠው ዘንግ፣ ክራንክሻፍቱም፣ በየ120 ዲግሪው አንድ ግፊት ይቀበላል። በአራት ሲሊንደር ግፊቱ በየ180 ዲግሪው ነው። ከዚያም በላይ ወደ ላይ የሚወጡትና ወደ ታች የሚወርዱት ፒስተኖች ፍጥነት እኩል ስላልሆነ፣ ከሞተሩ ዙር በእጥፍ የሚፈጥን ንዝረት ይቀራል። ይህን ለማርገብ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሽከረከሩ ሁለት ማመጣጠኛ ዘንጎች ይገጠማሉ። ዘንጎቹ ንዝረቱን ያረግባሉ፤ ድምፁን ግን የስድስት ሲሊንደር ድምፅ አያደርጉትም።

ኤን52 የተባለው ባለ 3.0 ሊትር ሞተር በ2004 ሲወጣ አካሉ ከማግኒዚየምና ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ በዘመኑ እጅግ ቀላል ከነበሩት ስድስት ሲሊንደሮች አንዱ ነበር። በ528አይ ሞዴል ላይ 258 የፈረስ ጉልበትና 310 ኒውተን ሜትር ጠምዛዥ ጉልበት (የሞተሩን ዘንግ የሚያዞረው ኃይል) ይሰጥ ነበር። በ2011 የተካው ባለ 2.0 ሊትር ኤን20 በፈረስ ጉልበት አነሰ፤ 245 ብቻ ነበር። ጠምዛዥ ጉልበቱ ግን 350 ኒውተን ሜትር ሆነ፤ ይህም ገና በ1,250 ዙር የሚገኝ ነው። ትራፊክ መብራት ላይ ቆሞ ለሚነሣ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል፤ ከስምንት ማርሹ አውቶማቲክ ካምቢዮ ጋር ተጣምሮ አዲሱ መኪና ከቀድሞው የሚፈጥን ሆኖ ተገኘ። ሞተሩ ከቀዘቀዘበት ሲነሣ ግን የቀጥታ መርጫዎቹ ትክትክታ ወደ ናፍጣ ሞተር የሚጠጋ ነበር፤ የቀድሞውን ልስላሴ የለመዱ ነጂዎች ይህን ሳያማርሩ አላለፉም። የኤን20 የታይሚንግ ሰንሰለት (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው ሰንሰለት) ፕላስቲክ ማቀፊያዎች ካለጊዜያቸው ማለቃቸውም በአሜሪካ የቡድን ክስ አስነሥቷል። ተተኪው ቢ48 በ2014 ከወጣ ወዲህ የዚህ ዓይነቱ ቅሬታ በእጅጉ ቀንሷል።

ፋብሪካው ስድስት ሲሊንደሩን እንዳልጣለው መታወቅ አለበት። ባለ ሦስት፣ ባለ አራትና ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሮቹን እያንዳንዱ ሲሊንደር 500 ሲሲ ያህል በሚይዝበት በአንድ ንድፍ ላይ ስለሠራቸው፣ በ2015 የወጣው ባለ ቱርቦ ስድስት ሲሊንደር ቢ58 ከአራት ሲሊንደሩ ጋር ብዙ ነገር ይጋራል። ተለወጠ ከተባለ የተለወጠው፣ ስድስት ሲሊንደር ለመካከለኛው ገዢ የሚደርስ መሆኑ ቀርቶ የውድ ሞዴሎች መለያ መሆኑ ነው።

ፖርሽ

በ2016 በፖርሽ የስፖርት መኪኖች በቦክስተርና በኬይማን ላይ 718 የሚል ስም ተጨምሮ፣ ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ የተጋደሙበት ጠፍጣፋው ስድስት ሲሊንደር በባለ ቱርቦ ጠፍጣፋ አራት ሲሊንደር ተተካ። በቁጥር ረገድ ክርክር የለውም፤ የመነሻው ሞዴል ከ265 ወደ 300 የፈረስ ጉልበት፣ ከ280 ወደ 380 ኒውተን ሜትር አደገ። ስሙም በ1950ዎቹ መጨረሻ ከነበረው ባለ አራት ሲሊንደር የውድድር መኪና የተወሰደ ነው። ገዢዎችና የመኪና ጋዜጠኞች ግን በድምፁ ቅር ተሰኙ። በ2019 ኬይማን ጂቲ4ና ስፓይደር ቱርቦ የሌለው ባለ 4.0 ሊትር ስድስት ሲሊንደር ይዘው ሲመጡ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ጂቲኤስ ሲከተላቸው፣ ፋብሪካው ቅሬታውን እንደሰማ ተቆጠረ።

ሌሎች አምራቾች

ፎልክስቫገን በ2009 የጎልፍን ባለ 3.2 ሊትር ስድስት ሲሊንደር በ2.0 ሊትር ሲተካ ጉልበቱን ከ250 ወደ 270 ከፍ አደረገ። ከሁሉ ደፋሩ ቮልቮ ነበር። በ2013 ካስተዋወቃቸው ሞተሮች ጀምሮ ባለ አምስትና ባለ ስድስት ሲሊንደሮቹን አስወጥቶ፣ ትልቁን ኤክስሲ90 ሳይቀር በባለ 2.0 ሊትር አራት ሲሊንደር አቆመው።

በአሜሪካ ገበያ ሂዩንዳይ ሶናታ በ2011 ሞዴሉ ቀዳሚ ሆኖ ስድስት ሲሊንደርን ተወ፤ ሆንዳ አኮርድ በ2018 ተከተለ፤ 278 የፈረስ ጉልበት የነበረው 3.5 ሊትር 252 የፈረስ ጉልበት ባለው 2.0 ሊትር ቱርቦ ተተካ። ሱባሩ ጠፍጣፋውን 3.6 ሊትር በ2.4 ቱርቦ ለወጠ። ፎርድ ሙስታንግ ከ2018 ሞዴሉ ጀምሮ ስድስት ሲሊንደር የለውም። ለዓመታት ቱርቦ በሌለው ሞተሩ የጸናው ቶዮታ ዘግይቶ ገባ፤ የ2024 ታኮማ ባለ 2.4 ሊትር ቱርቦ፣ የቀድሞውን የ3.5 ሊትር 278 የፈረስ ጉልበት ሳይቀንስ ጠምዛዥ ጉልበቱን ከ359 ወደ 430 ኒውተን ሜትር አሳድጓል። ኢንፊኒቲ በኪውኤክስ50 ላይ የገጠመው ሞተር በንድፍ ብልሃት የሚተካከለው የለም፤ በልዩ ማያያዣ አማካይነት የመጭመቅ ምጥጥኑን እንደ ሥራው ጫና ከ8 ለአንድ እስከ 14 ለአንድ ይለዋውጣል።

አከራካሪ ነጥቦች

የነዳጅ ቁጠባው መጠን ዛሬም ያከራክራል። በአውሮፓ እስከ 2017 ይሠራበት የነበረው የላቦራቶሪ ፈተና ዝግተኛ ስለነበረ፣ ቱርቦው ብዙም ሳይሠራ ፈተናው ያልቅ ነበር። በመንገድ ላይ፣ በተለይ ጭነት ሲበዛና ዳገት ሲረዝም፣ ባለ ቱርቦ ሞተር ሙቀቱን ለማብረድ ከሚያስፈልገው በላይ ቤንዚን የሚረጭበት ጊዜ አለ። ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ2013 ባወጣው የፈተና ውጤት አነስተኛ ባለ ቱርቦ ሞተሮች ከተባለላቸው በታች መገኘታቸውን ገልጿል። በዝግታና በእርጋታ ለሚነዳ ሰው ግን ቁጠባው እውነተኛ ነው።

ስለ ዕድሜያቸው የሚነገረው አሉታዊ ወሬ የተጋነነ ቢሆንም መነሻ የለውም አይባልም። በዝቅተኛ ዙር ከባድ ጫና ሲመጣ ቤንዚኑ ካንዴላው ሳይተኩስ ቀድሞ መቀጣጠሉ ፒስተን እስከ መስበር ይደርሳል። ለዚህ መፍትሔ በካልሲየም ላይ የተመሠረተውን የዘይት ማጽጃ ቅመም በከፊል በማግኒዚየም የተኩ ዘይቶች ከ2018 ጀምሮ ወጥተዋል። ዘይት በወቅቱ አለመቀየር ለማንኛውም ሞተር ጎጂ ነው፤ ለቱርቦ ግን ገዳይ ነው።

የስድስት ሲሊንደር መመለስ

መርሴዲስ በ2017 ለዓመታት ትቶት የነበረውን ቀጥታ ስድስት ሲሊንደር መልሶ አመጣ። ማዝዳ በ2016 በሲኤክስ-9 ላይ ባለ 3.7 ሊትሩን ስድስት ሲሊንደር በ2.5 ሊትር ቱርቦ ተክቶ ነበር፤ ተተኪው ሲኤክስ-90 በ2023 ሲወጣ ባለ 3.3 ሊትር ቱርቦ ቀጥታ ስድስት ሲሊንደር ይዞ መጣ። በሌላ በኩል ሆንዳ በ2023 አኮርድ ላይ ያንኑ 2.0 ቱርቦ አስወጥቶ ቦታውን ለሃይብሪድ ሰጥቷል። የ2025 ቶዮታ ካምሪ ደግሞ ስድስት ሲሊንደሩን ሲተው በቱርቦ አልተካውም፤ ያለ ቱርቦ በሚሠራ 2.5 ሊትር አራት ሲሊንደርና በኤሌክትሪክ ሞተር ብቻ ይሸጣል።