ሽፋኑ ላይ የሰዓት ጥርስ ስላለ ብቻ አትግዙት፦ ስለ ስቲምፐንክ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የእህቴ ልጅ 12 ዓመት ሲሞላው መጽሐፍ ገዛሁለት። ልጁ ማሽን ነፍሱ ነው። ያገኘውን ሬዲዮ ሁሉ ይፈታል፤ መግጠሙ ላይ ግን ገና ነው። እኔም አሰብኩና «ዘ ዲፈረንስ ኢንጂን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ሰጠሁት። ዊልያም ጊብሰንና ብሩስ ስተርሊንግ በ1990 ያሳተሙት ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያዙልኝ)። ስለ ስቲምፐንክ ሲወራ ስሙ የማይቀር መጽሐፍ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እህቴ ቤት ስሄድ መጽሐፉን አየሁት። ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ስልክ ደግፏል። ልጁ ኳስ እያየ ነው።

ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። መጽሐፉ ለአዋቂ የተጻፈ ነው። በፖለቲካ የታጨቀ ነው፤ ለልጅ የማይሆን ትዕይንትም አለው። እኔ ግን «ማሽን አለበት፣ ልጁም ማሽን ይወዳል» ብዬ ሰጠሁት። ከዚያ ወዲህ ሰው መጽሐፍ ምረጥልኝ ሲለኝ ጥንቃቄ አበዛለሁ። ደግሞም ተመሳሳይ ስህተቶችን ደጋግሜ እሰማለሁ፤ አንዳንዶቹን እኔም አምንባቸው ነበር።

ዘርፉን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ስቲምፐንክ «ታሪክ ሌላ መንገድ ይዞ ቢሆንስ?» ብሎ የሚጠይቅ ልብ ወለድ ነው። የእንፋሎት ሞተሩ፣ የአየር መርከቡ፣ በሞላ የሚሠራው ማሽን በእውነቱ ታሪክ ከደረሱበት አልፈው የሄዱበትን ዓለም ይፈጥራል።

«ስቲምፐንክን የጀመረው ዡል ቬርን ነው»

ይህን ያልሰማሁበት ጊዜ የለም። ስቲምፐንክ የሚለው ስም ራሱ የመጣው ፈረንሳዊው ደራሲ ቬርን ከሞተ ከ80 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ኬ. ደብልዩ. ጄተር የሚባል አሜሪካዊ ደራሲ በ1987 «ሎከስ» ለተባለው መጽሔት ደብዳቤ ጻፈ። እሱና ሁለቱ ጓደኞቹ፣ ቲም ፓወርስና ጄምስ ብሌይሎክ፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ላይ የተመሠረቱ ወጣ ያሉ ልብ ወለዶች ይጽፉ ነበር። ለዚህ አጻጻፍ አንድ የጋራ ስም ያስፈልገዋል ብሎ ስቲምፐንክን እንደዋዛ ጣል አደረገ። ያኔ ስለ ኮምፒውተርና ስለ ወንጀል የሚያወራው ሳይበርፐንክ ገበያው ደርቶ ነበር። እሱን እየነካካ ነው። ቀልዱ ግን ስም ሆኖ ቀረ።

ልዩነቱ ለምን ያስጨንቀኛል? ቬርን የጻፈው ስለራሱ ዘመንና ስለሚመጣው ጊዜ ነው። ወደ ኋላ ዞሮ አይናፍቅም። በ1870 መጽሐፍ ሆኖ የወጣውን የባሕር ሰርጓጅ መርከብ ታሪኩን አስቡት። ካፒቴን ኔሞ መርከቡን «ናውቲለስን» የሚነዳው በእንፋሎት አይደለም፤ በኤሌክትሪክ ነው! ለዚያ ዘመን አንባቢ ኤሌክትሪክ የነገ ነገር ነበር። የዛሬ ስቲምፐንክ ደራሲ ግን ኤሌክትሮኒክሱን ሆን ብሎ ይተወውና ወደ እንፋሎቱ ይመለሳል።

ቬርንን አትስጡ ማለቴ አይደለም። ግን እያወቃችሁ ስጡ። የባሕሩ ታሪክ ውስጥ የዓሣ ስም ዝርዝር ገጽ በገጽ ይወርዳል። ዓሣ የሚወድ ልጅ ካላችሁ እሰየው። ካልሆነ «በ80 ቀን ዓለምን መዞር» ይሻላል። እሱ ደግሞ አንድም የፈጠራ ማሽን የለበትም። ባቡሩም መርከቡም የዘመኑ ናቸው፤ ዝሆንም አለ። ሩጫ ብቻ ነው፤ ልጅ ይይዛል።

«ጥርሳም መዘውርና የበያጅ መነጽር ካለ ስቲምፐንክ ነው»

ሽፋን ሠሪዎች ይህን በደንብ ያውቃሉ። ረጅም ባርኔጣ፣ የበያጅ የሚመስል መነጽር፣ ጥቂት የነሐስ ጥርሶች። አለቀ። እኔም የተሸወድኩት በዚሁ ነው።

ማሽኑ ታሪኩን ካልለወጠው ጌጥ ነው። ቅድም ያነሳሁትን «ዘ ዲፈረንስ ኢንጂን» ልውሰድ፤ ለልጅ ባይሆንም ነገሩን ያስረዳል። ቻርልስ ባቤጅ የሚባል እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሚያሰላ ማሽን ነድፎ ነበር። የመንግሥት ገንዘብ ወጣበት፤ ተጨቃጨቁ፤ ሥራው ሳያልቅ ቀረ። ልብ ወለዱ «ቢያልቅስ?» ይላል። በ1855 እንግሊዝ በእንፋሎት የሚሠራ ኮምፒውተር አላት። ባለቅኔው ባይረን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል። የመንግሥት ማሽን የሰዉን መረጃ ሁሉ ይዟል። ማሽኑን አውጡት፣ መጽሐፉ ይፈርሳል። ፈተናው ይኸው ነው።

ደግሞ የባቤጅ ሐሳብ ተረት አልነበረም። የለንደኑ የሳይንስ ሙዚየም ሁለተኛውን ንድፉን ተከትሎ ማሽኑን ሠራው። በ1991 ማስላት ጀመረ። በኋላ የተጨመረለትን ማተሚያ ጨምሮ 8,000 ያህል ክፍሎች አሉት፤ 5 ቶን ይመዝናል። የሚሠራው በእንፋሎት ሳይሆን በእጅ እየተዘወረ ነው። ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግረው ዓይኑ በራ። መጽሐፉን ሳይሆን ይህን ብነግረው ኖሮ ለካ ይበቃ ነበር።

ለእሱ ዕድሜ የሚሆነው የፊሊፕ ሪቭ «ሞርታል ኢንጂንስ» ነው። 2001 ላይ ወጣ። ታሪኩ የሚካሄደው ከእኛ በኋላ በሩቅ ዘመን ነው። ከተሞች ጎማ አላቸው። ለንደን በሞተር እየተንቀሳቀሰች ትንንሽ ከተሞችን እያሳደደች ትበላለች፤ ብረታቸውን ትቀልጣለች፣ ሰዉን ታሠራለች። ልጅ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ይስቃል። ከዚያ ዝም ይላል። «የሚበላ ሲያልቅስ?» ብሎ ይጠይቃል። የደራሲውም ጥያቄ እሱ ነው።

«የልጆች ነው፤ ስለዚህ ቀላልና ለስላሳ ነው»

እንዲያውም! ሪቭ ለሚወዳቸው ገጸ ባሕርያት አይራራም። ሰው ይሞታል፤ ይሞታል ብላችሁ የማትጠብቁትም ይሞታል። ዋናዋ ልጅ ሄስተር ፊቷ በሰይፍ ተቆርጦ አንድ ዓይኗ ጠፍቷል፤ አፍንጫዋም ከነበረበት የለም። በ2018 የወጣው ፊልም ይህን አለስልሶ ጠባሳ ብቻ አደረገው። ፊልሙን ያየ ወላጅ መጽሐፉም ያን ያህል ለስላሳ ይመስለዋል። አይደለም።

የፊሊፕ ፑልማን «ኖርዘርን ላይትስ»ም (1995) እንዲሁ ነው። የአየር መርከብ አለ፣ ለጥያቄ እውነቱን የምትጠቁም፣ የነሐስ ኮምፓስ የምትመስል መሣሪያ አለች፣ ጋሻ ለባሽ ድብ አለ። ግን መሐል ላይ የሚሰረቁ ሕፃናት አሉ፤ የሚደረግባቸውም ነገር ያማል። እንግሊዝ ውስጥ ለልጆች መጽሐፍ የሚሰጠውን የካርኔጊ ሜዳልያ ያገኘው ስላልፈራ ይመስለኛል።

እኔ እነዚህን ሁለቱን ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ብቻህን አንብብ ብዬ አልሰጥም። ከ9 እስከ 11 ላሉት የፒተር በንዝል «ኮግሃርት» አለ። ሊሊ የምትባል ልጅ፣ ሮበርት የሚባል የሰዓት ሠሪ ልጅ፣ ደግሞ ማልኪን የሚባል በሞላ የሚሠራ ቀበሮ። ቀበሮው ሞላው ሲያልቅ ይቆማል፤ እንደ ድሮ የግድግዳ ሰዓት መሞላት አለበት። ነጭናጫ ነው። ልጆች የሚወዱት እሱን ነው።

ትንሽ ከፍ ላሉት የካናዳዊው ኬነዝ ኦፔል «ኤርቦርን» ጥሩ ነው። ትልቅ የአየር መርከብ ላይ የሚያገለግል ታዳጊ፣ የሰማይ ወንበዴዎች፣ ያልታወቀች ደሴት። መርከቧን የሚያነሳት የፈጠራ ጋዝ ሽታው ማንጎ ነው! እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ናት አንባቢን የምታሳምነው።

«የቪክቶሪያ ለንደን ጉዳይ ነው፤ እኛን አይመለከትም»

ይህን የሚሉኝ ብዙ ጊዜ አዋቂዎች ናቸው። ከፊሉ እውነት ነው። ዘርፉ ሲጀመር ከለንደን ጭጋግ አልወጣም ነበር። ለቅኝ ግዛቱም ዓይኑን የሚጨፍን መጽሐፍ ሞልቷል። ነጮቹ ሻይ ይጠጣሉ፤ ሻዩ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

አሁን ግን ተለውጧል። በ2016 የወጣው የኒሲ ሾል «ኤቨርፌር» ታሪኩን ወደ ኮንጎ ወሰደው። ቦታው የቤልጂጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ ሕዝቡን ለጎማ ሲል የጨፈጨፈበት ነው። እዚያ መሬት ተገዝቶ ነፃ አገር ቢመሠረትስ? የአየር መርከብና የእንፋሎት ጥበብ ለተጠቂው ቢሆንስ? ከባድ መጽሐፍ ነው። ብዙ ተራኪ፣ ብዙ ዓመት ነው። ለትዕግሥተኛ አዋቂ ብቻ እላለሁ።

ቀለል ያለ የፈለገ ፒ. ጄሊ ክላርክን ያንብብ። «ኤ ማስተር ኦቭ ጂን» የሚካሄደው 1912 ካይሮ ውስጥ ነው። ጂኖች ወደ ዓለም ተመልሰው፣ ግብፅ እንግሊዝን አስወጥታ ኃያል ሆናለች። ጂን ነክ ወንጀል የምትመረምረው ፋትማ ሱፍ ለብሳ፣ ባርኔጣ ደፍታ ትዞራለች። የኔቡላ ሽልማት ያገኘ ነው። ለአዋቂና ለትልልቅ ወጣቶች ይሆናል።

«እኛን አይመለከትም» ለሚል ሰው ደግሞ አንድ ነገር አለኝ። ባቡር የሚለውን ቃላችንን ያዙ። ሥሩ «ቫፖሬ» ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ በዓረብኛ በኩል ዞሮ መጣልን። ቫፖሬ ማለት እንፋሎት! ገጠር ውስጥ የእህል ወፍጮውንም ባቡር የሚሉት ለዚህ ነው፤ ሞተር ሁሉ ባቡር ሆነ። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ጣቢያው የቆመበትን ሰፈር ለገሃር የምንለው «ላ ጋር» ከሚለው ፈረንሳይኛ ነው፤ ጣቢያ ማለት ነው። በዓፄ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ቴርዚያን የሚባል አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ ማሽን አስመጥቶ፣ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» አለው። እዚህ ላይ ቆሞ «ቢሆንስ?» የሚል ደራሲ ባገኝ ወረፋ ይዤ እገዛለሁ።

«የወንድ ልጅ ነገር ነው»

አጭር ልበል። ሄስተር ሴት ናት። የፑልማኗ ላይራ ሴት ናት። ሊሊ ሴት ናት። የስኮት ዌስተርፌልድ «ሌቫያታን» (2009) ውስጥ ደግሞ ዴሪን የምትባል ልጅ አለች። ጊዜው 1914 ነው። ወንድ መስላ የእንግሊዝ አየር ኃይል ትገባለች። የምትሳፈርበት መርከብ ከዓሣ ነባሪ ዘር የተፈጠረ፣ በሕይወት ያለ፣ የሚበር እንስሳ ነው። በሌላው ወገን የተገደለው የኦስትሪያ አልጋ ወራሽ ልጅ በሚራመድ የጦር ማሽን ይሸሻል። ሁለተኛው ቅጽ ኢስታንቡል ይሄዳል። ማሽን ለሚወድ ሆነ እንስሳ ለሚወድ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም። ለእህቴ ልጅም በመጨረሻ የሠራው ይኸው ነው።

«ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ንባብ አይደለም»

ይህ አመለካከት ያናድደኛል። ብዙ ወላጅ «ትልቅ ሆኗል፣ ሥዕል ይበቃዋል» ይላል። «ሌቫያታን» ራሱ በኪዝ ቶምሰን ሥዕሎች የተሞላ ነው፤ የማሽኖቹ አሠራር የሚገባው ከሥዕሉ ነው።

የብራያን ሴልዝኒክ «ዘ ኢንቬንሽን ኦቭ ሁጎ ካብሬ» ደግሞ ከ500 ገጽ በላይ ነው። ከግማሽ በላዩ በእርሳስ የተሠራ ሥዕል ነው። ሥዕሉ ጽሑፉን አያስጌጥም፤ ታሪኩን ከጽሑፉ እየተቀበለ ይቀጥላል። ሁጎ ፓሪስ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ተደብቆ ሰዓት የሚሞላ ወላጅ አልባ ልጅ ነው። በሞላ የሚሠራ፣ የሚጽፍ የብረት ሰው ሊጠግን ይታገላል። በ2008 የካልዴኮት ሜዳልያ አገኘ፤ ይህ ሽልማት ለሥዕል መጽሐፍ የሚሰጥ ነው።

ጥብቅ ሰው «ሁጎ ስቲምፐንክ አይደለም» ይለኛል። ልክ ነው። የማይቻል ነገር የለበትም። እንዲህ ያለ የብረት ሰው በእውነት አለ፤ 1800 አካባቢ የተሠራ፣ ሥዕል የሚስልና ግጥም የሚጽፍ፣ ፊላደልፊያ በሚገኘው ፍራንክሊን ኢንስቲትዩት ተቀምጧል። መጽሐፉ ውስጥ ያሉት የፊልም ፈር ቀዳጁ ዦርዥ ሜሊየስም እውነተኛ ሰው ናቸው፤ በእርጅናቸው ሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ ውስጥ መጫወቻ ይሸጡ ነበር። ታዲያ ዘርፉ ባይገጥም ምን ቸገረኝ? ልጅቷ ዘርፍ አልጠየቀችኝም። የሚያስደንቅ ነገር ነው የጠየቀችኝ።

ልጅቷ የምላችሁ የልጁ ታናሽ ናት፣ 8 ዓመቷ። እንግሊዝኛዋ ገና ነው። እኔ ጽሑፉን በአማርኛ እተርክላታለሁ፤ ሥዕሉ ሲመጣ ዝም እላለሁ፣ እሷ ትተርክልኛለች። «ተረት ተረት» ስላት «የላም በረት» ትላለች፤ ከዚያ ፓሪስ እንገባለን። ስንጨርስ መጽሐፉን ተሸክማ ትምህርት ቤት ሄደች። 500 ገጽ በአራት ቀን አነበብኩ ብላ ክፍሉን ሁሉ አስደነቀች።

ወንድሟ አልዋጠለትም። «ግማሹ ሥዕል ነው እኮ!» አለ።

እሷም ጠረጴዛው ላይ ስልክ ወደ ደገፈው መጽሐፍ ጠቆመች። «አንተ ያንን ጨረስከው?»