የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር መስመር

የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር የወሎ ከተሞችን ከአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ጋር ለማገናኘት የታቀደ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ነው። ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዋሽ ሰባት ይነሳና ወደ ሰሜን ወጥቶ ኮምቦልቻ ይገባል። ከዚያም ወልዲያ አቅራቢያ እስካለችው ሐራ ገበያ ይዘልቃል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አጼ ምኒልክ በ1894 የፈቀዱት የመጀመሪያው ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ወሎን ሳይነካ ነበር። ከዚያ በኋላም ለረጅም ዘመን የወሎ ጭነት የመኪና ጉዳይ ሆኖ ቆየ።

ነገሩ የተለወጠው የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን በ2007 ከተቋቋመ በኋላ ነው። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፣ ማለትም ከ2010 እስከ 2015፣ ከ2,300 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ ለመዘርጋት ታሰበ። እውነት ለመናገር ከአቅም በላይ የሆነ ዕቅድ ነበር። ግን በድፍረት የሚያህለው አልነበረም።

ለዚህኛው መስመር ከቱርኩ የግንባታ ኩባንያ ከያፒ መርከዚ ጋር በ2012 ውል ተፈረመ። ዋጋው 1.7 ቢሊዮን ዶላር ነው። ብድሩን የቱርክ ኤግዚም ባንክና በክሬዲት ስዊስ የሚመሩ ባንኮች ሰጡ። ገንዘቡ እስኪገኝ ግን ጊዜ ስለወሰደ ሥራው የተጀመረው በ2015 ነው። ሥራው ለሁለት ተከፈለ፤ ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ 270 ኪሎ ሜትር፣ ቀሪው እስከ ሐራ ገበያ።

የመሬቱ አቀማመጥ የዋዛ አይደለም። አዋሽ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል ሰበቃው ትንሽ ስለሆነ ከባድ ጭነት ይቀለዋል፤ ዳገት ግን አይወድም። መኪና በጥምዝምዝ የሚወጣውን ተራራ ባቡር ወይ ይዞረዋል ወይ ይበሳዋል። ስለዚህ መስመሩ ዋሻና ድልድይ በዝቶበታል። በአገራችን ከተሠሩት የባቡር መስመሮች ሁሉ ፈታኙ ይሄ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኮምቦልቻ የተመረጠችው በምክንያት ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና ቢራ ፋብሪካ አላት። በ2017 ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኳ ተመረቀ። ደሴም ቅርቧ ናት። ሐሳቡ ፋብሪካዎቹ ጥሬ ዕቃቸውን በባቡር አስገብተው ምርታቸውን በባቡር ያወጣሉ የሚል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር አለ። ከኮምቦልቻ የሚነሳ ከባድ መኪና በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ያቋርጣል። ባቡሩ ግን መጀመሪያ ወደ ደቡብ አዋሽ ድረስ ወርዶ ነው ወደ ምሥራቅ የሚዞረው። ዞሮ መሄዱ ያዋጣል ወይ የሚሉ አሉ። መልሱ ምናልባት እንደ ጭነቱ ዓይነት ይለያያል። ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ጭነት ግን መስመሩ ያለ ጥርጥር ይጠቅማል። ከሐራ ገበያ በአፋር አድርጎ ታጁራ ወደብ የሚደርስ ሌላ መስመርም በአገሪቱ የባቡር ዕቅድ ውስጥ ነበር። አቋራጩ እሱ ነበር፤ አልተሠራም።

የመጀመሪያው ክፍል ሐዲድ ሥራ አልቋል ለማለት ጥቂት ሲቀረው መብራት ጠፋ። ማለቴ አልደረሰም። ባቡሩ ጣሪያው ላይ ያለውን ክንድ ዘርግቶ ከላይ ከተወጠረው ሽቦ ኃይል ይወስዳል። ሽቦው 25 ሺህ ቮልት መሸከም አለበት። ለዚህ ደግሞ ከብሔራዊው የኃይል ቋት መስመር መሳብና በየርቀቱ ማከፋፈያ ጣቢያ መገንባት ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ከሐዲዱ ኋላ ቀረ። የውጭ ምንዛሪ እጥረቱም ተጨመረ። በ2021 መጨረሻ ደግሞ ኮምቦልቻ በጦርነቱ ስትያዝ የፕሮጀክቱ ንብረት ተዘረፈ፣ ተጎዳ።

ከሐራ ገበያ ወደ መቀሌ የሚሄደው መስመር በሌላ ውል ለቻይና ተቋራጭ የተሰጠ ነው። ሁለቱ ሐራ ገበያ ላይ እንዲገጥሙ ነበር የታሰበው።