በአዳማ ምህንድስና መማር፦ የት፣ በስንት?

አዳማ ውስጥ ምህንድስና ወይም ከምህንድስና የሚጠጋ ሙያ መማር ለሚፈልግ ሰው ሦስት በር አለ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲው፣ ፖሊ ቴክኒኩና የግል ኮሌጆቹ። የሚገርመው ዋጋና ጥራት እዚህ ጎን ለጎን አይሄዱም። በእኔ ግምት ጥሩ ወርክሾፕና ላቦራቶሪ ያለው በር ሲገቡበት ኪስ አይነካም። የሚጠይቀው ውጤት ነው።

ያ በር አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው። ተማሪው በአጭሩ አስቱ ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ ተከፈተ። በ2003 የቴክኒክ መምህራን ማሰልጠኛ ሆነ፣ በ2006 አዳማ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፣ በ2011 ደግሞ የአሁኑን ስም አገኘ። ስሙን ያልቀየረበት ዘመን የለም ማለት ይቻላል። በመሀል አንድ ጀርመናዊና አንድ ኮሪያዊ ፕሬዚዳንት መርተውታል። ትልቁ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ከአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር በሳይንስና ቴክኖሎጂ ብቻ እንዲያተኩር ተለየ። አሰላ የነበሩት ግቢዎቹም ተነጥለው አርሲ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ።

የሚሰጠው ትምህርት ሰፊ ነው። ሲቪል፣ አርክቴክቸር፣ የውሃ ሀብት፣ መካኒካል፣ ኬሚካል፣ ማቴሪያል ሳይንስ፣ ኤሌክትሪካል ፓወር፣ ኤሌክትሮኒክስና ኮሙኒኬሽን፣ ኮምፒውተር ሳይንስና ኢንጂነሪንግ አሉ። ምህንድስናው አምስት ዓመት ይፈጃል። የመጀመሪያው ዓመት ሁሉም በጋራ የሚማረው ፍሬሽማን ነው። ዲፓርትመንት የሚደርሰው ከዚያ በኋላ፣ በምርጫና በውጤት ነው። ስለዚህ ፍሬሽማንን "ማለፍ ብቻ ይበቃል" ብሎ የተዝናና ተማሪ፣ ሶፍትዌር ሲያልም ሌላ ዲፓርትመንት ሊደርሰው ይችላል።

መግባቱ ላይ ነው ችግሩ። መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አለ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። እያደገ ነው፣ ግን አሁንም ከአሥር ተማሪ አንድ አይሞላም። አስቱ ለመግባት ይህም ብቻውን አይበቃም። ዩኒቨርሲቲው ከአዲስ አበባው አቻው ጋር የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። ማስታወቂያው ብሔራዊ ውጤት ከተነገረ በኋላ ይወጣል፣ የምዝገባው ቀንም ቶሎ ያልፋል። ጎበዝ ሆኖ ማስታወቂያው ያመለጠው ልጅ ያሳዝነኛል።

ለገባ ሰው ወጪው ቀላል ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ኮስት ሼሪንግ፣ ተማሪው ከትምህርቱ ወጪ 15 በመቶውን፣ የምግብና የመኝታውን ደግሞ ሙሉውን እንዲጋራ ያደርጋል። ቢሆንም ገንዘቡ ሲገባ አይጠየቅም። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደሞዙ ይቆረጣል። ወላጅ የሚያስበው ለትራንስፖርት፣ ለፎቶ ኮፒ፣ ለላፕቶፕና ለኪስ ገንዘብ ነው። ላፕቶፑን አትናቁት፣ ከሁሉም እሱ ይከብዳል። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ተማሪ ከተማው መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚርቅ፣ ለበዓል ወደ ቤት መመለስም ብዙ አያስወጣም።

አዳማን ለዚህ ትምህርት የምወድላት ሌላ ምክንያት አለኝ። ዙሪያዋን የሚታይ ነገር ሞልቷል። ከከተማው ዳር ያለው የነፋስ ኃይል ማመንጫ በሁለት ምዕራፍ ተሠርቶ 51 እና 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተተከለ ነው። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ የጀመረ ነው። ቆቃ ግድብ አለ፣ የጅቡቲው የባቡር መስመር ያልፋል፣ ኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። ክፍል ውስጥ ስለ ተርባይን ተምሮ በመስኮት ተርባይን ማየት ለሁሉም ተማሪ አይገኝም። ኢንተርንሺፕ፣ ማለትም የሥራ ቦታ ልምምድ ሲደርስ ግን ደብዳቤ ይዞ ቀድሞ መሄድ ነው። የመጨረሻ ሳምንት የሄደ ሰው ቢሮ ውስጥ ወረቀት ሲያደራጅ ይከርማል።

ፖሊ ቴክኒኩን ሰው ይንቀዋል። "ውጤት ያልመጣለት የሚገባበት" ይሉታል። እኔ አልስማማም። አውቶሞቲቭ፣ ብየዳ፣ የኤሌክትሪክ ተከላ፣ ማሽን ሥራና ግንባታ በደረጃ ይማራሉ። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ሲቀረጽ 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ እንዲሆን ታስቦ ነው። ሠልጣኙ ፋብሪካና ጋራዥ ወጥቶ የትብብር ሥልጠና ይወስዳል። ሲጨርስ ሲኦሲ፣ ማለትም የብቃት ምዘና ይፈተናል። ክፍያው ከግል ኮሌጅ በብዙ ያንሳል። ዲግሪ ለሚመኝም በሩ አልተዘጋም። ከፍ ያለ ደረጃ ጨርሶ ሲኦሲ ያለፈ ሰው ወደ ዲግሪ የሚሻገርበት አሠራር አለ። መስፈርቱ ስለሚለዋወጥ ግን ከመመዝገብ በፊት ጠይቁ። ጥሩ በያጅ ደግሞ ዲግሪ ሳይዝ ከብዙ ባለ ዲግሪ የተሻለ ሲያገኝ አዳማ ውስጥ በዓይናችን የምናየው ነው።

የግል ኮሌጅ ለሠራተኛ ሰው ይመቻል። ማታና ቅዳሜ እሁድ ይማራል። ክፍያው በክሬዲት ሰዓት፣ ማለትም እያንዳንዱ ትምህርት በሚመዘንበት መለኪያ ስለሚሰላ "ወር ስንት ነው?" ብሎ መጠየቅ አይበቃም። የጠቅላላ ክሬዲቱን ብዛት፣ የምዝገባውን፣ የላቦራቶሪውን፣ የምረቃውን ጭምር ደምሩ። ዕውቅና የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለስልጣን ነው። ዕውቅናው ለኮሌጁ በጅምላ የሚሰጥ አይደለም፣ ለእያንዳንዱ ትምህርትና ለእያንዳንዱ ግቢ ነው። አዲስ አበባ ላይ የተፈቀደለት ትምህርት አዳማ ላይ ላይፈቀድለት ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትም የግልም ተመራቂ የመውጫ ፈተና ስለሚወስድ፣ ባለፈው ዙር ስንት ተፈትነው ስንት እንዳለፉ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ወሬ ከቀየሩ እናንተም ቀይሩ።

ላቦራቶሪውን ደግሞ ሳታዩ አትክፈሉ። ባለፈው ለዘመዴ ልጅ ብዬ አንድ ኮሌጅ ሄጄ ነበር። እንግዳ መቀበያው ያምራል፣ ግድግዳው በምሩቃን ፎቶ ተሸፍኗል። የኤሌክትሪክ ላቦራቶሪውን አሳዩኝ አልኩ። ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ምሳ ወጥቷል አሉኝ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር።