ሊኑክስን በዊንዶውስ ላይ ማስኬድ፦ ዳሰሳ ለጎንደር ተጠቃሚዎች

በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ የሊኑክስ ፕሮግራሞችን ማስኬድ ሲባል፣ ነባሩን ስርዓተ ክወና ሳያጠፉ ሊኑክስ ለተባለው ነጻ ስርዓተ ክወና የተሠሩ ፕሮግራሞችን እዚያው ማሽን ላይ መጠቀም ማለት ነው። ዛሬ ይህ በአብዛኛው የሚከናወነው ማይክሮሶፍት ባዘጋጀውና ደብሊው ኤስ ኤል (WSL) በሚል ምህጻር በሚታወቀው የዊንዶውስ ክፍል አማካኝነት ነው።

ጎንደር ውስጥ ዊንዶውስን ጨርሶ መተው ለብዙ ሰው አይሆንለትም። የቢሮው ደብዳቤ የሚጻፈው በፓወር ግዕዝ፣ ሂሳቡ የሚያዘው በፒችትሪ፣ የሕንጻው ንድፍ የሚሠራው በአውቶካድ ነው፤ ፒያሳ ያሉ የጽሕፈት ቤቶችም ከዚሁ ጋር ተላምደዋል። በሌላ በኩል የድረ ገጽ ሰርቨሮች፣ የፕሮግራም ማበልጸጊያ መሣሪያዎችና የዘረመል መረጃ መተንተኛዎች በአብዛኛው የሊኑክስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1954 በሕዝብ ጤና ማሠልጠኛነት የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዛሬም በካላዛርና በሌሎች ተላላፊ በሽታዎች ላይ ይመራመራል። የእነዚህን በሽታ አምጪዎች ዘረመል መተንተን የሚሻ ተማሪ፣ ላፕቶፑ ዊንዶውስ ሆኖ ሳለ የሊኑክስ መሣሪያ ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ የቤተሰብ ወይም የቢሮ የጋራ ንብረት ስለሆነ ዊንዶውሱን አጥፍቶ ሌላ መጫን አይታሰብም።

ሙከራው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረው ሲግዊን የሊኑክስ ፕሮግራሞችን ምንጭ ኮድ ለዊንዶውስ እንደገና በመገንባት ይሠራል። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የተስፋፋው ቨርቹዋል ቦክስ ደግሞ ሙሉ ሊኑክስን በአንድ መስኮት ውስጥ ያስነሳል፤ ይህ አስተማማኝ ቢሆንም ራም የሚበላ ነው። በመጋቢት 2016 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት አዘጋጅ ከሆነው ካኖኒካል ጋር በመተባበር ደብሊው ኤስ ኤልን ይፋ አደረገ፤ በዚያው ዓመት ክረምትም ከዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ጋር ለተጠቃሚ ደረሰ።

በደብሊው ኤስ ኤል የመጀመሪያው እትም ውስጥ የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም ፕሮግራሞችንና ሃርድዌሩን የሚያገናኘው የስርዓተ ክወናው እምብርት፣ የለም። ፕሮግራሙ ፋይል እንዲከፈትለት ወይም ሌላ ሂደት እንዲጀመርለት ለከርነል የሚያቀርበውን ጥያቄ ዊንዶውስ ራሱ ተቀብሎ፣ እንደ አስተርጓሚ ወደ ራሱ አሠራር ይመልሰዋል። ስለዚህ ቀላል ነው፤ ራም አስቀድሞ አይዝም፣ በፍጥነት ይነሳል። ትርጉሙ ግን ሙሉ አይደለም፤ እንደ ዶከር (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ለይቶ የሚያስኬድ መሣሪያ) ያሉ የከርነልን ጥልቅ አገልግሎት የሚሹ ፕሮግራሞች አይሠሩበትም። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ሆኖ በ2020 የወጣው ሁለተኛው እትም ይህን ጉድለት የሞላው እውነተኛ የሊኑክስ ከርነልን በቀላል ምናባዊ ማሽን (በሶፍትዌር በተሠራ ኮምፒውተር) ውስጥ በማስኬድ ነው። ከዊንዶውስ 11 ጋር ደግሞ መስኮት ያላቸው የሊኑክስ ፕሮግራሞችም ያለ ተጨማሪ መሣሪያ መከፈት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2025 ማይክሮሶፍት የደብሊው ኤስ ኤልን አብዛኛውን ምንጭ ኮድ ለሕዝብ ክፍት አድርጓል።

አብዛኞቹ መመሪያዎች ሁለተኛውን እትም ብቻ ይመክራሉ። እኔ ግን ይህ ምክር 16 ጊጋባይት ራም ላለው ሰው እንጂ እዚህ በብዛት ለሚገኙት አሮጌ ላፕቶፖች የተሰጠ አይመስለኝም። ሁለተኛው እትም ካልተገደበ የኮምፒውተሩን ራም እስከ ግማሽ ድረስ መውሰድ ይችላል፤ 4 ጊጋባይት ባለው ማሽን ላይ ዊንዶውስና አሳሹ በቀረው ራም ይጨናነቃሉ። በተጨማሪም የምናባዊ ማሽን ድጋፍ በባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚሠራው የመነሻ ቅንብር) ውስጥ መከፈት አለበት። ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ወይም የሊኑክስን ትእዛዞች ለመማር የመጀመሪያው እትም ከበቂ በላይ ነው። ሁለቱ እትሞች በአንድ ማሽን ላይ ጎን ለጎን ሊኖሩ ይችላሉ፤ የተጫነውን ኡቡንቱም በአንድ ትእዛዝ ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ይቻላል። ሁለተኛውን የመረጠ ሰው በተጠቃሚው ማህደር ውስጥ በሚቀመጥ የቅንብር ፋይል የራሙን ጣሪያ ቢወስን ከብዙ ጣጣ ይድናል።

አጫጫኑ በትእዛዝ መስኮት አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ከባዱ የሚወርደው ፋይል ነው። ኡቡንቱ ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይሆናል፤ ከዚያ ላይ ተጨማሪ ፕሮግራሞች ሲጫኑ የኢንተርኔት ጥቅሉ በቶሎ ያልቃል። ለዚህ መፍትሔው በራሱ በደብሊው ኤስ ኤል ውስጥ አለ። የተጫነውና የተስተካከለው ኡቡንቱ ከነፕሮግራሞቹ ወደ አንድ ፋይል ተጠቅልሎ መውጣት፣ በፍላሽ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ተወስዶም ያለ ኢንተርኔት መግባት ይችላል። አንድ መምህር አንድ ጊዜ አዘጋጅቶ ለሙሉ ክፍል ሊያድለው ይችላል ማለት ነው። ይህ ዘዴ ከሚገባው በታች መታወቁ ያስቆጫል። ፋይሉን ከማደል በፊት ግን የይለፍ ቃሎችንና የግል ሰነዶችን ማጽዳት የግድ ነው፤ አብረው ይጓዛሉና።

የፋይል አቀማመጥም ያስቸግራል። ሁለተኛው እትም የራሱን ፋይሎች በተለየ ምናባዊ ዲስክ ውስጥ ይይዛል። የሊኑክስ ፕሮግራም ከዚያ ወጥቶ በዊንዶውስ ማህደር ውስጥ ያሉ ብዙ ትናንሽ ፋይሎችን ሲያነብ በእጅጉ ይዘገያል፤ ስለዚህ ሥራው በሊኑክስ በኩል ቢቀመጥ ይሻላል። ምናባዊው ዲስክ ሲሞላ ያድጋል፤ ፋይል ሲጠፋ ግን በራሱ አይቀንስም። መብራት በድንገት ሲጠፋ ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ በጽሕፈት ላይ ሳለ ስለሚቋረጥ ይህ ዲስክ ሊበላሽ ይችላል፤ ውስጡ ያለው ሥራ ሁሉ በአንድ ፋይል ውስጥ ስለሆነም ጉዳቱ ትልቅ ነው። በየጊዜው ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ቅጂ ማውጣት ሊታለፍ አይገባም።

አማርኛን በተመለከተ፣ በሊኑክስ በኩል የግዕዝ ፊደል (ፎንት) ካልተጫነ ጽሑፉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል፤ አቢሲኒካ የተባለው ነጻ ፊደል በኡቡንቱ ማከማቻ ውስጥ ስላለ በቀላሉ ይጫናል። ትልቁ ችግር የቀድሞ ሰነዶች ናቸው። የግዕዝ ፊደላት ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ውስጥ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዩኒኮድ ባልሆኑ የቀድሞ ፊደሎች የተጻፉ ደብዳቤዎች በሊኑክስ መሣሪያ ሲነበቡ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይሆናሉ፤ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለባቸው። ከተቀየሩና በተራ ጽሑፍ ከተቀመጡ በኋላ ግን በሺህ ከሚቆጠሩ ፋይሎች መካከል አንድን ስም ወይም የቀበሌ ቁጥር በአንድ የሊኑክስ ትእዛዝ በቅጽበት ማግኘት ይቻላል። ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም አላውቅም።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. አቁሟል፤ ብዙ አሮጌ ማሽኖችም የዊንዶውስ 11ን መስፈርት አያሟሉም። በእነዚህ ላይ ደብሊው ኤስ ኤል መሥራቱን ቢቀጥልም ከሥሩ ያለው ዊንዶውስ መደበኛ የደኅንነት ጥገና አያገኝም። እንዲህ ያለ ማሽን ያለው ሰው ዊንዶውስን የግድ የሚጠይቅ ሥራ ከሌለው ሙሉ ሊኑክስ ቢጭንበት ይሻለዋል። በደብሊው ኤስ ኤል ውስጥ ያጠራቀመው የግል ማህደር ተገልብጦ ወደ አዲሱ ኡቡንቱ ይሄዳል፤ የተማራቸው ትእዛዞችም እዚያ ያው ናቸው።